ትልቅ ውሻ ሌላ ውሻ ሲያይ እንዳይጎትታችሁ፦ ከጉልበት ይልቅ ርቀት

ቦቢ ጀርመን ሼፐርድ ነው። 38 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ዓመት በሞላው ሰሞን አንድ ጠዋት ይዤው ወጣሁ። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሦስት የሰፈር ውሾች ቆመው ነበር። እሱ አያቸው፣ እኔ አላየኋቸውም። ቀጥሎ የማስታውሰው ጉልበቴ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያርፍ ነው። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜው ስለነበር ሁለት ጣቶቼ አብጠው ሰነበቱ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከግቢ አላወጣሁትም። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቡችላው ሲመጣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወደዋል። ሲያድግ መጎተት ይጀምራል። ሲጎትት ይታሰራል። ታስሮ የከረመ ውሻ ደግሞ በወጣ ቀን የባሰ ይጎትታል። እኔና ቦቢ ከዚህ አዙሪት የወጣነው ክንዴ ስለጠነከረ አይደለም። ስንት ሜትር ላይ ራሱን መግዛት እንደሚያቅተው ማወቅ ስለጀመርኩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለምን ይጎትታል?

"ንቆህ ነው፣ አለቃ መሆን ፈልጎ ነው" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ውሻ ሌላ ውሻ አይቶ የሚጎትተው አንድም ሄዶ ለመተዋወቅ ስለጓጓ፣ አንድም ስለፈራና ቀድሞ ማባረር ስለፈለገ፣ አንድም ገመዱ ስለያዘው ተናዶ ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ተደባልቀው ይመጣሉ።

ግቢ ውስጥ ያደገ ውሻ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ የሚያልፉ ውሾችን ይሰማል። ይጮኻል። እነሱም መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። እሱ ግን ያባረራቸው በጩኸቱ ይመስለዋል። ይህን በየቀኑ ሲደጋግም ሁለት ዓመት ከቆየ፣ መንገድ ላይ ውሻ ሲያይ የሚያደርገው የለመደውን ነው።

ደግሞም ውሾች ልቅ ሲሆኑ ፊት ለፊት ተፋጠው አይገናኙም። ዞር ብለው፣ ከጎን መጥተው፣ ከኋላ አሽትተው ነው የሚተዋወቁት። ጠባብ መንገድ ላይ በገመድ የያዝነው ውሻ ግን ቀጥ ብሎ ከመሄድ ሌላ ምርጫ የለውም። ለእሱ ያ አቀራረብ ጠብ ነው።

1. መጀመሪያ ጤናውን

የሚያመው ውሻ ቁጡ ይሆናል። ዳሌው ወይም ጆሮው የሚያመው ውሻ ሌላ ውሻ እንዲጠጋው አይፈልግም። ስለዚህ ባሕርይው በድንገት የተለወጠ ከሆነ ከሥልጠናው በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም በየዓመቱ ይታደስ። የሰፈር ውሻ በሚበዛበት ከተማ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

2. ዕቃው

ብዙ ነገር አያስፈልግም። የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልገው ምን እንደምታስሩለት ነው።

የአንገት ሰንሰለት ተዉት። የሚያንቀውንም፣ ጥርስ ያለውንም። ለጊዜው ያስቆመው ይመስላል። ነገር ግን ውሻ አይቶ ወዲያው አንገቱን ካመመው፣ ሕመሙን ያመጣበት ያ ውሻ እንደሆነ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። በሚቀጥለው ቀን ያንን ውሻ ከሩቅ ሲያይ ይቆጣል። ጉሮሮውም ይጎዳል።

የሚሻለው ሃርነስ ነው፤ ደረትና ጀርባ ላይ የሚታሰረው። ስትገዙ ደረቱ ላይ ቀለበት ያለውን ምረጡ። ገመዱ ከጀርባ ሲታሰር ውሻው ሙሉ ክብደቱን ይጥልበታል፤ ጋሪ እንደሚጎትት ፈረስ ማለት ነው። ከደረቱ ሲታሰር ግን በጎተተ ቁጥር ወደ እናንተ ይዞራል። ሃርነሱ ብብቱን እንዳይፍቀው፣ ከማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተዉለት። ለጥንቃቄ ሃርነሱን ከአንገት ማሰሪያው ጋር በአጭር ገመድ አያይዙት፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይይዛል።

ገመዱ ወደ 2 ሜትር ይሁን፣ ጠፍጣፋና ወፍራም። በቁልፍ እየረዘመ የሚመለሰውን ለትልቅ ውሻ አትግዙ። ሁልጊዜ የተወጠረ ስለሆነ ውሻው ላላ ያለ ገመድ ምን እንደሆነ አያውቅም።

አያያዙ እንዲህ ነው። የገመዱን መያዣ ቀኝ አውራ ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ መዳፋችሁን ጨብጡ። ግራ እጃችሁ መሐሉን ይያዝ። እጃችሁ ላይ በጭራሽ አትጠምጥሙት። እኔ ያየሁትን እናንተ እንድታዩት አልፈልግም።

ጫማም አስቡ። በክረምት ጭቃ ላይ ሸራ ጫማ አድርጎ 38 ኪሎ መያዝ አይቻልም። ዝናብ በጣለ ቀን ውጭውን ትታችሁ በረንዳ ላይ ተለማመዱ።

3. ምግቡ

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ደረቅ ዳቦ ይዘው ይወጡና "ምግብ አይገባውም" ይላሉ። ከሌላ ውሻ ጋር የሚወዳደር ምግብ ደረቅ ዳቦ ሊሆን አይችልም። የሚሸት፣ የሚወደው፣ በሌላ ጊዜ የማያገኘው መሆን አለበት።

ለእኔ እስካሁን የተቀቀለ ጉበትን የሚያህል አላገኘሁም። ግማሽ ኪሎ ጉበት በደንብ ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሽምብራ ሽምብራ እያከለ ይከተፋል። በትንንሽ ፌስታል ተከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋት አንዱን ይዞ መውጣት ነው። ጉበት በየቀኑ ብዙ ከሆነ አይመከርም፤ ስለዚህ ከተቀቀለ እንቁላል ወይም አጥንት ከሌለው ዶሮ ጋር አፈራርቁት። የሰጣችሁትን ያህል ከእራቱ ቀንሱ።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ጉበትም ሳምባም ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ጉበትና ሳምባ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚሠራ ጥገኛ ትል አለ። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰውን ይይዛል። በተለይ ሕፃናትን ያሰጋል። እርድ በሚበዛበት በበዓል ሰሞን ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ሁለተኛ፣ ወጥ የነካው ሥጋ አይሆንም። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ደም ይጎዳል።

በሁዳዴ 55 ቀን አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል። እኔ ከቅበላ በፊት ሁለት ኪሎ ገዝቼ ቀቅዬ አስቀምጣለሁ።

4. ግቢ ውስጥ፣ ማንም በሌለበት

መንገድ ላይ የምትፈልጉትን ሁሉ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ አስተምሩት። ሦስት ነገር ይበቃል።

የመጀመሪያው አንድ ቃል ነው። እኔ "ጎበዝ!" እላለሁ። አጭር ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይለዋል፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። "ጎበዝ!" በሉና ወዲያው ጉበት ስጡት። ምንም ሳታዙት፣ አሥር ጊዜ ያህል። በማግስቱ ድገሙት። ቃሉን ሲሰማ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ እጃችሁን ማየት ሲጀምር ገብቶታል። ቃሉ መቅደም አለበት፣ ምግቡ መከተል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾቹ ላይ ያየው ይህንኑ ነው፤ ከምግቡ በፊት የሚሰማ ድምፅ ከምግቡ ጋር ይያያዛል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ትምህርቱ አይያዝም።

ሁለተኛው "እንሂድ" ነው። ግቢ ውስጥ አብራችሁት እየሄዳችሁ በድንገት "እንሂድ!" በሉና ዞሩ። ተከትሎ ሲዞር "ጎበዝ!"፣ ከዚያ ጉበት። በደስታ ድምፅ በሉት። መንገድ ላይ የሚያድናችሁ ይህ ቃል ነው። ስትደነግጡ ብቻ የምትሉት ከሆነ ግን ለውሻው የማስጠንቀቂያ ደወል ይሆናል። ስለዚህ ምንም በሌለበት ጊዜ ደጋግማችሁ በሉት።

ሦስተኛው የላላ ገመድ ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትጎትቱ፣ አትቆጡ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ዘወር ብሎ ሲያያችሁ ወይም አንድ እርምጃ ሲመለስ ገመዱ ይላላል፤ ያኔ ጉዞ ይቀጥል። ጉበቱን ሁልጊዜ ከጉልበታችሁ አጠገብ ስጡት። ምግብ የሚገኝበትን ቦታ ውሻ አይረሳም። በመጀመሪያው ቀን አሥር ሜትር ለመሄድ ሩብ ሰዓት ሊፈጅባችሁ ይችላል። ለእኔም ፈጅቶብኛል።

ይህን ሁሉ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ። ከዚያ በላይ ሁለታችሁም ትሰለቻላችሁ።

5. ርቀቱን ማግኘት

አሁን ውጡ። ዓላማው የእግር ጉዞ አይደለም። የውሻችሁ መስመር፣ ማለትም ራሱን መግዛት የሚያቅተው ርቀት፣ የት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጉ፤ ሜዳ ቢሆን ይመረጣል። ከማዶ ውሻ ሲታይ ወደ 50 ሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙና ውሻችሁን ተመልከቱ። ያየዋል፣ ጆሮውን ያቆማል፣ ከዚያ አፈሩን ያሸታል ወይም ወደ እናንተ ይመለሳል? ጉበት ስትሰጡት ቀስ ብሎ ይበላል? ጥሩ ርቀት ላይ ናችሁ። አፉን ገጥሞ፣ ሰውነቱ ደርቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ቆሟል? ጉበቱን ከእጃችሁ መንጭቆ ጣቶቻችሁን እስኪያማችሁ ይወስዳል? ጠርዙ ላይ ናችሁ። ጭራሽ አልበላም ካለ መስመሩን አልፋችኋል፤ ዞር በሉና ራቁ። ጭራው መወዛወዙ አያታልላችሁ። ከፍ ብሎ፣ ደርቆ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወዛወዝ ጭራ ደስታ ላይሆን ይችላል።

የቦቢ መስመር መጀመሪያ 40 ሜትር ነበር። ሳውቀው ደነገጥኩ። በ5 ሜትር ላይ ስቆጣው የነበረው ውሻ ከ40 ሜትር ጀምሮ ሲጨነቅ የቆየ ነበር ማለት ነው።

ከመስመሩ ርቃችሁ የምትሠሩት እንዲህ ነው። ውሻችሁ ሌላውን ውሻ ያያል። ባየበት ቅጽበት "ጎበዝ!" ትላላችሁ። ወደ እናንተ ሲዞር ጉበት። እንደገና ያያል፣ "ጎበዝ!"፣ ጉበት። ያኛው ውሻ ከዓይን ሲጠፋ ጉበቱም ይቆማል። እንዳያይ አትከልክሉት፤ እንዲያይ ነው የምትፈልጉት። ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ውሻ ሲያይ ራሱ ዞሮ "የታለ ጉበቱ?" በሚል ዓይን ያያችኋል። ይህ የሆነ ቀን ደስታው ልዩ ነው። ለቦቢ በሦስተኛው ሳምንት ነበር።

6. የተኙት ውሾች

ይህን ማንም አልነገረኝም፤ በመንገዴ ላይ ያገኘሁት ነው። እዚህ አዲስ አበባ የሰፈር ውሾች ማታና ንጋት ላይ ይነቃቃሉ። በቡድን ይሄዳሉ፣ ቆሻሻ ገንዳ ዙሪያ ይጣላሉ። ሰው ደግሞ ውሻውን የሚያወጣው "መንገዱ ጭር ሲል" ብሎ በዚያው ሰዓት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ብዙዎቹ ፀሐይ ላይ ተዘርግተው ተኝተዋል።

የተኛ ውሻ ምርጥ አስተማሪ ነው። አይንቀሳቀስም፣ አይጮኽም፣ አይጠጋችሁም። ርቀቱን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። በሰፈራችሁ ሁልጊዜ የሚተኙበትን ሁለት ሦስት ቦታ ለዩ። ሳትጠጉ፣ እንቅልፋቸውን ሳትረብሹ፣ በሩቁ እያለፋችሁ ከላይ ያለውን አድርጉ። በሥራ ቀን ካልቻላችሁ ቅዳሜና እሑድ ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ከአጥር ጀርባ የሚጮኽ ውሻ ነው። ይህም ጥቅም አለው፤ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ወጥቶ አይመጣም። የመንገዱን ማዶ ይዛችሁ እለፉ፣ እየቀረባችሁ ሂዱ። ልቅ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ውሻ የመጨረሻው ነው።

7. ርቀቱን መቀነስ

አምስት ጊዜ ተከታትሎ በጸጥታ ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ቅረቡ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከጎተተ አምስት ሜትር ተመለሱ። ይኸው ነው ሕጉ።

ፊት ለፊት አትቅረቡ። እንደ ማጭድ ዞር ብላችሁ እለፉ። ጠባብ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካለ ከጀርባው እለፉ፤ መኪና እንደ ሃያ ሜትር ርቀት ያገለግላል።

ወዳጅ ዘመድ የተረጋጋ ውሻ ካለው አብራችሁ ተጓዙ። ሁለቱ ውሾች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ጎን ለጎን፣ በ20 ሜትር ልዩነት። ማንም ማንንም ሰላም አይበል። ዝም ብሎ መሄድ። ለቦቢ ከሁሉም በላይ የጠቀመው የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ነው።

ሥልጠናው ቀጥ ብሎ የማይሄድ ነገር መሆኑንም ጠብቁ። አንድ ቀን ሌላ ውሻ ካስደነገጠው ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ አይረጋጋም። በዚያ ቀን አታሠልጥኑት። ግቢ ውስጥ ትንንሽ የጉበት ቁራጭ ሣር ላይ በትኑለትና እያሸተተ ይልቀም። ማሽተት ያበርደዋል። በሰፈሩ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ካለችና ወንዶቹ ተሰልፈው የሚከተሏት ከሆነም ያን ሰሞን በዚያ መንገድ አትሂዱ። የእናንተዋ ሴት ከሆነች እስኪያልፍላት፣ ወደ ሦስት ሳምንት፣ ከግቢ አትውጣ።

8. ልቅ ውሻ ሲመጣባችሁ

አትሩጡ። ገመዱንም አትሰብስቡ፤ እጃችሁ ሲወጠር ውሻችሁ "አደጋ አለ" ብሎ ይተረጉመዋል። "እንሂድ!" በሉና በመጣችሁበት ዙሩ። መዞር ካልተቻለ አንድ እፍኝ ምግብ ወደሚመጣው ውሻ ወርውሩ፣ እሱ ሲለቅም እናንተ ታልፋላችሁ። ለዚህ ርካሽ ነገር፣ ለምሳሌ ዳቦ፣ በሌላኛው ኪስ ያዙ።

ድንጋይ መወርወርን አልደግፍም። የሰፈር ውሾች ሰው ጎንበስ ብቻ ሲል እንደሚሸሹ ሁላችንም እናውቃለን። ካስፈለገ ጎንበስ ማለቱ ይበቃል።

ውሾቹ ከተያያዙ እጃችሁን በመካከላቸው አታስገቡ። ውሃ ድፉባቸው፣ በጃኬት ሸፍኗቸው፣ በር ወይም ጣውላ በመሐላቸው አስገቡ። ከተነከሳችሁ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። "ጭረት ነው" ብላችሁ አትቆዩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ውሻችሁ ከዚህ በፊት ሰው ወይም ውሻ ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ለብቻችሁ አትጀምሩት። ሐኪም አማክሩ፤ አፉን ከፍቶ ማለክለክና ውሃ መጠጣት የሚያስችለውን ቅርጫት መሰል የአፍ መሸፈኛም ቀስ እያላችሁ አስለምዱት።

9. ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት

እናንተ በጉበት የምታስተምሩትን ሌላ ሰው በኩርኩም ካፈረሰው ወር ሙሉ የደከማችሁበት በአንድ ጠዋት ይበላሻል። በእኛ ግቢ ቦቢን አንዳንዴ የሚያወጡት ጥበቃችን ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ሳስረዳቸው "ልጄ፣ ውሻ ያለ ኩርኩም አይገባውም" አሉኝ። "ጋሼ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ እንደኔ ያድርጉልኝ" ብዬ ጉበቱን ሰጠኋቸው። አልተከራከርኳቸውም። በአምስተኛው ቀን ራሳቸው ጠርተው አሳዩኝ። ዛሬ ከእኔ ይበልጣሉ። አይቸኩሉም፣ ድምፃቸውን አያነሱም፣ ሌላ ውሻ ሲመጣ ደግሞ ሁልጊዜ ከቦቢ ቀድመው ያያሉ።

ልጆች ግን ትልቅ ውሻ ብቻቸውን አይያዙ። ምንም ያህል ቢሠለጥን።

ከቦቢ ጋር እንዲህ እያልን አራተኛ ወራችን ላይ ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፣ ውሾቹም ተበተኑ። በበሩ ላይ በ3 ሜትር እያለፍን ነበር። ለፋሲካ ሲከፈት ሥጋውም ውሾቹም አብረው እንደሚመለሱ ስለማውቅ፣ በማግስቱ ከ20 ሜትር እንደገና ጀመርኩ። እናንተም ከበዓል በኋላ እንዲሁ አድርጉ። ቦቢ ውሾቹን አየ፣ ጆሮውን አቆመ፣ ከዚያ ዞሮ ኪሴን አሸተተ።